የከተማ እምብርት ሲታደስ ነዋሪውን አስቀድሞ ስለ መጠየቅ

ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ቦታውን ይመለከታል፥ ገንዘቡን ይቈጥራል፥ ከዚያም ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋራ ይመክራል፤ ማድ ቤቱ በየት በኩል ይሁን፥ በሩ ወደየት ይዙር ብሎ ይጠይቃል። በቤቱ ውስጥ ውለው የሚያድሩት እነርሱ ናቸውና፥ ሳይጠይቃቸው ቢሠራ ግድግዳው ቢያምርም ኑሮው አይመችም። ይህ ለአንድ ቤት የሚገባ ከሆነ፥ ብዙ ሺህ ሰው ለሚኖርበትና ለሚነግድበት ለከተማ እምብርት እንዴት አብልጦ አይገባም?

ዛሬ በአገራችን ከተሞች ሁሉ የመታደስ ሥራ ተነሥቷል። መንገዱ ይሰፋል፥ የእግረኛው መሄጃ ይነጠፋል፥ መብራት ይተከላል፥ ያረጀው ሰፈር ፈርሶ ሌላ ይሠራል። ሥራው ያስፈለገበትን ምክንያት ማንም አይስተውም። በመሐል ከተማ ያሉት የጭቃ ቤቶች ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል፤ ለብዙ ቤተ ሰብ አንድ መጸዳጃ የሚሆንበት፥ ጐርፍ መውረጃ የሌለው፥ እሳት ቢነሣ የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት ሰፈር ጥቂት አይደለም። እንዲህ ባለው ስፍራ የሚኖር ሰው ሰፈሩ እንዳለ ይቅርልኝ ብሎ አይማልድም። ስለዚህ የዛሬው ጕዳያችን ይታደስ ወይስ አይታደስ የሚለው አይደለም። ሲታደስ ማን ይጠየቃል? መቼስ ይጠየቃል? የሚለው ነው እንጂ።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ከአራዳ የሚሻል ስፍራ አይገኝም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ዋናው ገበያ የቆመው በአራዳ ነው። እህሉ፥ ቡናው፥ አሞሌ ጨውና የጋማ ከብቱ ከየአገሩ እየመጣ በዚያ ይሸጥ ነበር። በአጠገቡ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ፥ በ1909 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ፥ በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት በዚያው ነው። የሕንዱ፥ የአርመኑና የግሪኩ ሱቅ፥ የብርና የወርቅ አንጥረኛው፥ የመጻሕፍት ሻጩ ሁሉ ገበያውን ተከትሎ ተሰበሰበ። ይህን ሁሉ አንድ ሰው በወረቀት ነድፎ አልሠራውም፤ ገበያተኛው፥ ቤተ ክርስቲያኑና መንግሥቱ እየተጐራበቱ ያበጁት ነው።

በ1928 ዓ.ም. ጠላት ከተማይቱን በያዘ ጊዜ ግን የኢጣልያ ነዳፊዎች ዐዲስ ፕላን አወጡ። አሳባቸውም ነጩ በአንድ ወገን፥ አገሬው በሌላ ወገን እንዲቀመጥ ነበረ። ስለዚህ አራዳን ፒያሳ ብለው ለራሳቸው ንግድ ያዙት፤ የአገሬውን ገበያ ደግሞ ወደ ምዕራብ አዛውረው መርካቶ አሉት። ባለ ገበያውን የጠየቀው አልነበረም፤ ገዢው አዘዘ፥ ሕዝቡ ተነሣ። ከነጻነት በኋላ መርካቶ በነጋዴው ትጋት አድጎ ታላቅ ገበያ ሆነ። ይህ ግን የነዋሪውን ብርታት ያሳያል እንጂ ያለ ምክር መንቀልን ደግ አያሰኘውም። ድል የነሣ ባዕድ ሕዝቡን ሳይጠይቅ ቢነድፍ አያስገርምም፤ የአገር ልጅ የሆነ ሹም ግን ከዚህ የተለየ ጠባይ ሊያሳይ ይገባዋል።

ከዚያም በኋላ ለአዲስ አበባ ብዙ ፕላን ተነድፏል። አንዳንዱ በወረቀት ቀረ፥ አንዳንዱ በከፊል ተፈጸመ። በመካከሉ የመሐል ከተማውን ቤት ሁኔታ ፈጽሞ የለወጠ ነገር መጣ፤ ይኸውም በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ነው። በዚህ አዋጅ ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነውም ቤት ለቀበሌ ተሰጠ። ኪራዩ በመቀነሱ ድኻው ተጠቀመ፤ ነገር ግን ቤቱን የሚጠግነው ጠፋ። ተከራዩ የእኔ አይደለም ብሎ ተወው፤ ቀበሌውም ከኪራዩ የሚያገኘው ገንዘብ ለጣራ ቆርቆሮ እንኳ አይበቃውም ነበርና ዝም አለ። ስለዚህ ሰፈሩ ያረጀው በነዋሪው ስንፍና ብቻ አይደለም። ሊያድስ የሚመጣው ሹም ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ፥ የሚያስነሣውን ሰው እንደ በደለኛ አይቈጥረውም።

የማፍረሱና የማደሱ ሥራ በ2000ዎቹ ዓ.ም. በልደታና በሌላም ስፍራ ተሠርቶ፥ በ2016 ዓ.ም. ወደ ፒያሳ ደረሰ። በየካቲት ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ ወዲያውም ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያለው መንገድ ሊሰፋ ተጀመረ፤ ዶሮ ማነቂያ የሚባለውም ሰፈር ፈረሰ። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ሰው ሰፊውን የእግር መንገድ፥ የብስክሌቱን መሄጃና የሌሊቱን ብርሃን አይቶ ደስ ሊለው ይችላል፤ እውነትም ያማረ ነው። የከተማው አስተዳደር ነዋሪዎቹን አወያይቻለሁ፥ ምትክ ቤትና ቦታም ሰጥቻለሁ ብሏል። ከተነሡት ሰዎች ብዙዎቹ ደግሞ የተሰጠን ጊዜ አጭር ነበረ፥ የተጠራነውም ነገሩ ከተቈረጠ በኋላ ነው ብለዋል። በእነዚህ በሁለቱ ቃሎች መካከል ያለው ልዩነት ሊመረመር የሚገባው ነው፤ መንገር አንድ ነገር፥ መጠየቅም ሌላ ነገር ነውና።

ሹም ሕዝቡን በአዳራሽ ሰብስቦ፥ ያለቀውን ሥዕል በግድግዳ ላይ ሰቅሎ፥ እንዲህ ልናደርግ ነው፥ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ ቢል፥ ይህ መንገር ነው። ሥዕሉ ገና ሳይነደፍ ሄዶ፥ እናንተ በዚህ ስፍራ ምን ትሠራላችሁ? በምን ትኖራላችሁ? የሚቸግራችሁ ምንድን ነው? እንዲቀር የምትወዱትስ የትኛው ነው? ቢል ግን መጠየቅ ነው። በመጀመሪያው ጉባኤ ሕዝቡ ቢያጨበጭብም ቢያጕረመርምም የሚለወጥ ነገር የለም። በሁለተኛው ግን ነዳፊው ራሱ የማያውቀውን ነገር ይማራል። መሐንዲስ የመንገዱን ስፋት ያውቃል፤ የትኛዋ ባልቴት በየትኛው ደጃፍ ጉልት ተቀምጣ ልጆችዋን እንደምታሳድግ ግን የሚያውቀው ሰፈርተኛው ነው።

ሕጋችንም ይህን አይስተውም። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የሕዝብን ተሳትፎና የአሠራርን ግልጽነት ከመሠረታውያን መርሖዎች አስገብቷቸዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ከዚያ ወዲህ የተሻሻለ ቢሆንም፥ ሲወጣ ሦስት ታላላቅ ነገሮች ይዞ ነበር። አንደኛው፥ ቦታው ለአስቸኳይ ልማት ካልተፈለገ በቀር፥ ባለ ይዞታዎች ቦታውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ሥራው ዓይነትና ጥቅም እንዲመከሩ የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ባለ ይዞታዎች በፕላኑ መሠረት ቦታቸውን በግልም ሆነ በኅብረት ራሳቸው ለማልማት ቅድሚያ መብት እንዳላቸው የሚናገር ነው። ሦስተኛው፥ ለቤቱና ለንብረቱ ብቻ ሳይሆን፥ ማኅበራዊ ትስስሩ ስለ ተቋረጠበትም ካሣ እንዲሰጠው የሚያዝ ነው። ይህ የመጨረሻው እጅግ ሊታሰብ ይገባዋል። ጉርብትና ዋጋ ያለው ነገር መሆኑንና ሲበጠስም ጕዳት መሆኑን ሕግ ራሱ መስክሯልና።

ነገር ግን ሕጉ ሰፊ ሆኖ ሳለ ከሥሩ የሚቀሩ ሰዎች አሉ። በመሐል ከተማ ከሚኖረው ሕዝብ ብዙው ባለ ይዞታ አይደለም። የቀበሌ ቤት ተከራይ አለ፤ ከተከራዩም ተጠግቶ የሚኖር ደባል አለ፤ በሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ ሰዓት የሚያድስ፥ ጫማ የሚሰፋ፥ ቡና አፍልታ የምትሸጥ አለች። እነዚህ ካርታ የላቸውም፤ ካርታ የሌለው ሰው ደግሞ በመዝገብ አይታይም፤ በመዝገብ ያልታየም ለምክር አይጠራም። የቀበሌ ቤት ተከራይ ምትክ ቤት ቢያገኝ እንኳ ቤቱ ከከተማው ዳር ከሆነ፥ ቤት አገኘ እንጂ እንጀራውን አላገኘም። የአንጥረኛው ሀብት መዶሻውና ወናፉ ብቻ አይደለም፤ ልጁን ሊድር ሲል ወደ እርሱ የሚመጣው ደንበኛ ነው። ደንበኛ ደግሞ በጭነት መኪና ተጭኖ አይሄድም።

ይህ ችግር በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ለአዲስ አበባ ፕላን የነደፉት እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ አስቀድሞ በጦርነቱ ጊዜ ለራስዋ ለለንደን ከተማ ፕላን የነደፉ ሰው ናቸው። እንግሊዞች ከተማን በመንደፍ ይህን ያህል የተጉ ሆነው ሳለ፥ ሕዝቡን መጠየቅን የተማሩት ግን በብዙ ሙግት ነው። ለዚህም ኮቨንት ጋርደን የሚባለው ሰፈር ምስክር ነው።

ኮቨንት ጋርደን በለንደን መካከል የሚገኝ፥ እንደ አራዳ ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ የቆመ የአትክልትና የፍራፍሬ ገበያ ነበር። ገበያው በጠባብ መንገድ ውስጥ ስለ ተጨናነቀ ወደ ሌላ ስፍራ እንዲዛወር ተወሰነ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 የከተማው ምክር ቤት የሰፈሩን ብዙ ክፍል አፍርሶ ሰፋፊ መንገድ፥ ሆቴልና የጉባኤ አዳራሽ ለመሥራት የሚያስብ ፕላን አወጣ። በሰፈሩ የሚኖሩት ሠራተኞችና ባለ ትናንሽ ሱቆች በ1971 ማኅበር አቁመው ተቃወሙ፤ በዚያው ዓመት ጉዳዩ በአደባባይ ምርመራ ተሰማ፤ በ1972 ሥራውን የምትመራው የኮሚቴው ሊቀ መንበር ራስዋ ከሥልጣንዋ ወጣች። በ1973 መንግሥት በሰፈሩ ያሉትን ብዙ ቤቶች እንዳይፈርሱ በጥበቃ መዝገብ ስላገባቸው የቀደመው ፕላን ከሽፎ ቀረ። ገበያው በ1974 ቢዛወርም፥ ምክር ቤቱ ከነዋሪውና ከነጋዴው የተመረጠ ጉባኤ አቁሞ ፕላኑን እንደ ገና ነደፈ። አሮጌው የገበያ አዳራሽም ሳይፈርስ ታድሶ በ1980 የሱቆች ቤት ሆኖ ተከፈተ። በዚያው ዘመን የአገሩ መንግሥት በአርተር ስኬፊንግተን የሚመራ ኮሚቴ ሰይሞ፥ ኮሚቴው በ1969 ባቀረበው ጽሑፍ ሕዝቡ ፕላኑ በሚዘጋጅበት ጊዜ ሁሉ እንዲነገረውና አሳቡን እንዲሰጥ መከረ።

ይህን ስንጽፍ የፈረንጅን ሥራ ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ በኮቨንት ጋርደንም የጐደለ አለና። ቤቶቹ ዳኑ፤ ሰፈሩ ግን ከጊዜ በኋላ ለጐብኚዎች የሚመች፥ ዋጋው የከበደ የሱቅ ስፍራ ሆነ፤ ለአትክልት ነጋዴው ሕይወት ይሰጥ የነበረው የቀድሞው ኑሮ ግን አልተመለሰም። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ ምክር ቢዘገይ አምስት ዓመትና ስድስት ዓመት ሥራ ያስፈታል፤ ገና ከጅምሩ ቢጠይቁ ኖሮ ያ ሁሉ ሙግት በቀረ ነበር። ሁለተኛው፥ ግንቡን ማዳን ብቻ ነዋሪውን ማዳን አይደለም፤ ስለ ኪራዩ አስቀድሞ ካልታሰበ ያማረው ሰፈር ያሳመረውን ሰው ይገፋዋል።

አንዳንድ ሹማምት፥ ሕዝብን ሁሉ ከጠየቅን ሥራ መቼ ይጀመራል? ይሉ ይሆናል። ነገሩ ጥቂት እውነት አለው፤ ሁሉንም ደስ የሚያሰኝ ፕላን አይገኝም፤ መጨረሻውን የሚቈርጠውም ሥልጣን የተሰጠው ምክር ቤት ነው። ሆኖም የችኮላን ዋጋ እኛም ቀምሰነዋል። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች ለማቀናጀት ታስቦ የነበረው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ታላቅ ተቃውሞ አስነሣ፤ መሬቱ የሚነካበት ገበሬ አልተጠየቅሁም ብሎ ነበርና። በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞው ዳግመኛ ተነሥቶ፥ የብዙ ሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር ወር ፕላኑ ተሰረዘ። እነሆ፥ ለምክር የሚወጣው ጊዜ ብዙ መስሎ ሲታየን፥ ምክር በመቅረቱ የጠፋው ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ወገኖቻችን፥ ምከረው ምከረው፥ እምቢ ካለህ መከራ ይምከረው ይላሉ። ይህ ተረት ለልጅ ብቻ የተነገረ አይደለም።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የነህምያን ታሪክ ያውቃሉ። ነህምያ የፈረሰችውን ኢየሩሳሌምን ሊያድስ በመጣ ጊዜ ከንጉሥ ደብዳቤ ይዞ ነበር፤ ሥልጣን አልጐደለውም። ቢሆንም አስቀድሞ በሌሊት እየዞረ ቅጥሩን በዓይኑ መረመረ፤ ከዚያም ካህናቱን፥ መኳንንቱንና ሹማምቱን ጠርቶ ነገሩን ገለጠላቸው፤ እንነሣና እንሥራ ያሉት እነርሱ ናቸው። ሲሠሩም ካህናቱ እያንዳንዳቸው በቤታቸው አንጻር ያለውን ሠሩ፤ አንጥረኛውና ነጋዴውም ድርሻ ነበራቸው። በሥራው መካከል ድኾቹ እርሻችንንና ቤታችንን በመያዣ ሰጠን ብለው በጮኹ ጊዜ፥ ሥራ ይበልጣል ብሎ አላለፋቸውም፤ ሰምቶ ባለጠጎቹን አስመለሳቸው። ቅጥሩ በ52 ቀን ተፈጸመ። እንግዲህ ምክር ሥራን ያዘገያል የሚል ሰው ይህን ይቍጠር።

ስለዚህ ከተማ ለማደስ የሚነሣ ማንኛውም የክፍለ ከተማ ወይም የማዘጋጃ ቤት ሹም ሊያደርገው የሚገባ ነው ያልነውን በአጭሩ እንገልጣለን። መጀመሪያ፥ ከነዳፊው በፊት ቈጣሪ ይላክ፤ ባለ ካርታውን ብቻ ሳይሆን ተከራዩን፥ ደባሉን፥ በደጃፍ የሚሸጠውን ሁሉ፥ የሚኖርበትንም ሥራ ጭምር ይመዝግብ። ሁለተኛ፥ አንድ ፕላን ብቻ ሳይሆን ሁለትና ሦስት አማራጭ ከነዋጋው ይቅረብ፤ አንድ ብቻ የቀረበለት ሰው ምርጫ የለውምና። ሦስተኛ፥ ሥዕሉ ማንም በሚገባው አማርኛና በሰፈሩ በሚነገረውም ቋንቋ ተጽፎ በወረዳው ጽሕፈት ቤት፥ በገበያውና በቤተ እምነቱ ደጅ ይሰቀል፤ ለማሰቢያም በቂ ጊዜ ይሰጥ። አራተኛ፥ ሕዝቡ የተናገረው በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ሹሙም ተመልሶ መጥቶ ይህን ተቀበልን፥ ያንን በዚህ ምክንያት አልተቀበልንም ብሎ ይመልስ። ምላሽ የሌለው ጥያቄ ሕዝቡን ሁለተኛ ጊዜ ዝም ያሰኘዋል። አምስተኛ፥ በዐዲሱ ሰፈር ውስጥ ለቀድሞው ነዋሪና ለትንሹ ነጋዴ በሚችለው ኪራይ የሚሰጥ ቤትና ሱቅ አስቀድሞ ይለይ፤ መነሣት ግድ የሆነበትም ከጎረቤቶቹ ጋራ በአንድነት ይስፈር እንጂ አይበተን።

ካህናትም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። በየቤቱ ማን እንዳለ፥ ማን ታሞ እንደ ተኛ፥ ማን ያለ ጧሪ እንደ ቀረ ከንስሐ አባት የበለጠ የሚያውቅ አይገኝም። የሰበካ ጉባኤውና የዕድሩ ዳኛ ከወረዳው መዝገብ የጐደለውን ሊሞሉ ይችላሉ። ጕዳዩም እነርሱን ይነካቸዋል። ሰፈሩ ተነሥቶ ምእመናኑ ወደ ከተማው ዳር ሲበተኑ፥ ቤተ ክርስቲያኑ በሰፊ መንገድ ዳር አምሮ ይቆማል፤ ሰንበቴው ግን ይፈታል፥ ማኅበሩ ይበተናል፥ የታመመ የሚጠይቅ፥ የሞተ የሚቀብር ጐረቤት ይታጣል። የመስጊዱም ጀማዓ እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ካህኑና ሼኹ በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው ስለ ሰፈራቸው ሰው ቢናገሩ፥ ከተሰጣቸው አደራ አልወጡም።

ጐዳና የሚሠራው ለሰው ነው፤ ብርሃኑም የሚበራው ሰው እንዲያይበት ነው። የታደሰው የከተማ እምብርት ያማረ መሆኑን ነዳፊው በሥዕሉ ይመዝነዋል፤ መንግሥት ግን ሊመዝነው የሚገባው ከመታደሱ በፊት በዚያ ይኖሩ ከነበሩት ስንቶቹ ዛሬም በዚያ ይነግዳሉ፥ ይኖራሉ፥ ልጆቻቸውንም ያስተምራሉ ብሎ ቈጥሮ ነው። ይህ ቍጥር በየዓመቱ ለምክር ቤቱ ይቅረብ፤ ለሕዝቡም ይነገር። ያን ጊዜ የመጠየቁ ሥራ ለደንብ ያህል የተደረገ መሆኑና አለመሆኑ ያለ ሙግት ይታወቃል።